ከሉ የወለቀበት ማክሰኞ

ሰር ሄክተር ድሬይኮት ማክሰኞ ኦክቶበር 15 ቀን 1872 የምሳ ደወል ተደውሎ ሲጠበቅ ቀረ። ሄደው ሲያዩ ከመጻሕፍት ክፍሉ ምንጣፍ ላይ በአፍጢሙ ተደፍቷል። በለንደን ጨዋ ቤቶች ሁሉ የሚጋበዝ፣ በደግነት ግን ታምቶ የማያውቅ ሰው ነበር። ከጎኑ ከምሳ በፊት የሚጠጣው መራራ የሆድ መድኃኒት ብርጭቆ ወድቋል። ብርጭቆው መራራ ለውዝ ለውዝ ይሸታል።

ኢንስፔክተር ኦባዲያ ስታብስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲደርስ መጋረጃዎቹ ወርደዋል፣ ሰዓቶቹ እንዲቆሙ ተደርገዋል፣ መስተዋቶቹ ተሸፍነዋል። የሐዘን ልብስ ሰፊዋም ከፖሊስ ቀድማ ገብታ የሟቹን እናት ትከሻ እየለካች ነበር። ስታብስ ባርኔጣውን አውልቆ በቅድሚያ እጅ የነሳው ለልብስ ሰፊዋ ነው። እናቱ በዚሁ ሙያ ነበር ያሳደገችው፤ ልጅነቱን ከመቁረጫ ጠረጴዛዋ ሥር በጥቁር ቅዳጅ ላይ ተኝቶ ነው ያሳለፈው። ይህን ግን በእንዲህ ያለ ቤት አያወራም፤ ቢያወራ በጓሮ በር ግባ ይሉታል።

አሮጊቷ ሌዲ ድሬይኮት ከተሽከርካሪ ወንበራቸው ቀና ብለው አዩት።

«ፖሊሱ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ እመቤቴ።»

«አጭር ነህ።»

«እናቴም ትለኝ ነበር። ያንን መድኃኒት ከልጅዎ ሌላ የሚቀምሰው አለ?»

«ማን እብድ ይቀምሰዋል? ጠርሙሱ ከጠረጴዛው ላይ ነው የሚውለው። ትናንትም ከምሳ በፊት ጠጣ፤ ደኅና ነበር።»

«ስለዚህ መርዙ የገባው ከትናንት ምሳ በኋላ ነው። በቤቱ ማን ማን ነበር?»

«ታናሽ ልጄ ላምበርት፤ እሱ ትናንት ጠዋት ገጠር ሄዶ ዛሬ ረፋዱ ላይ ተመለሰ። የሄክተር እጮኛ ኦክታቪያ ፔል፤ ከቅዳሜ ጀምሮ እንግዳችን ናት። ደግሞ ይቺ፣ መጽሐፍ የምታነብልኝ ሚስ ሂዩም።»

ኤስተር ሂዩም ከወንበሩ ኋላ ቆማለች። ሠላሳ ዓመት ይሆናታል፤ ቀጥ ያለች፣ ግራጫ ቀሚስ የለበሰች ሴት ናት።

«እናቷ ሞታባት ነው ጃንዋሪ ላይ የመጣችልኝ» አሉ አሮጊቷ። «የዘንድሮ ሴት ልጅ ለእናቷ ስድስት ወር ክሬፕ የሚባለውን ጥቁር የሐዘን ጨርቅ ከለበሰች በቃኝ ትላለች። ይቺ ግን እስከ ትናንት አላወለቀችም። ዛሬ ጠዋት ገና ግራጫ ብትለብስ ይኸው፣ ሌላ ሐዘን መጣባት።»

ስታብስ ወደ ሴትዮዋ ዞረ። «እናትዎን በጣም ይወዱ ነበር ማለት ነው።»

«የምወደውን ሰው በግማሽ አላዝንለትም» አለች ኤስተር።

ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ይዛ ጠጋ አለቻት። ኤስተር እጇን አነሳችና «ለእኔ አይድከሙ፤ ጥቁር አለኝ» አለቻት።

ላምበርት ድሬይኮት ላይኛው ፎቅ፣ ፎቶግራፍ ከሚያጥብበት ጨለማ ክፍል ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ መልከ መልካም፣ ጣቶቹ እስከ አንጓቸው የጠቆሩ።

«ይሄ ጠርሙስ ሲያናይድ ነው?» አለ ስታብስ።

«ፎቶግራፍ የሚያነሳ ሁሉ አለው። ምን ልታመጣ ነው አንተ?»

«ሰኞ ጠዋት ሙሉ ነበር?»

«ሙሉ ነበር።»

«አሁን አንድ ማንኪያ ጎድሏል። ወንድምዎን የገደለውም ይኸው ነው።»

ላምበርት ግድግዳውን ተደገፈ። «እርስዎ… እኔን ነው የሚጠረጥሩት?»

«አንተ» ወደ «እርስዎ» ያደገው በአንድ ማንኪያ መርዝ ነው። ስታብስ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነና በነጩ የእብነ በረድ መደርደሪያ ላይ ያለውን ጥቁር እድፍ አሳየው።

«ይሄስ?»

«የፎቶ ብር ይሆናል፤ ፎቶ የማጥብበት የብር ኬሚካል። የነካውን ሁሉ ያጠቁራል፤ ጣቶቼን አያዩም?»

«መደርደሪያው መቼ ታጠበ?»

«ሰኞ ጠዋት። ራሴ አጥቤ፣ ውሃውን ሳላደርቅ ነው የሄድኩት። ከዚያ ወዲህ ገና አሁን መግባቴ ነው።»

ስታብስ መሐረቡን በውሃ አርሶ የላምበርትን ጣት አሸው። ጣቱ እንደጠቆረ ቀረ፤ መሐረቡም ነጭ እንደሆነ። በመሐረቡ ሌላ ጫፍ መደርደሪያውን አሸው። መሐረቡ ጠቆረ። አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ደረጃው ላይ ኦክታቪያ ፔል እየጠበቀችው ነበር። ዓይኗ አብጧል።

«ላምበርት አልገደለውም» አለችው።

«ሰር ሄክተርን ሊያገቡ አልነበር?»

«አባቴ ነው ከእሱ ጋር የተጫጨው። እኔን የጠየቀኝ የለም።»

«ላምበርትንስ?»

«እወደዋለሁ፤ ከነጥቁር ጣቱ። ጥለን ልንሄድ ነበር። የሚሄድ ሰው ለምን ይገድላል?»

«የኔ እመቤት፣ ታላቁ ሲሞት ቤቱም ማዕረጉም ሙሽራዋም ለታናሹ ነው። መርዙም የእሱ ነው። ዳኞች ከዚህ ባነሰ ሰቅለዋል።»

«እስከ መቼ ጊዜ አለው?»

«አርብ ጠዋት ችሎት ይቀርባል። ከዚያ በፊት ሌላ ካላገኘሁ የእሱ ነገር አበቃ።»

ረቡዕ ጠዋት ስታብስ አሮጌ ጋዜጦች ሲያገላብጥ አረፈደ። ከሰዓት በኋላ አሮጊቷን አስፈቅዶ የቤቱን መሳቢያዎች አንድ በአንድ ከፈተ። በአንደኛው ውስጥ ያገኘውን ዕቃ በእጁ ይዞ ብዙ ቆየ። ከዚያ እንደነበረ መለሰው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አራቱንም እንግዳ መቀበያው ክፍል ሰበሰባቸው። ሻዩን የነካው የለም። አሮጊቷ ጥቁር፣ ኦክታቪያ ጥቁር፣ ላምበርት ጥቁር፣ በሩ ላይ የቆመው አሽከር ሳይቀር ጥቁር ለብሷል። ኤስተር ሂዩም ብቻ የመስፊያ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ግራጫዋን እንደለበሰች ተቀምጣለች።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው» አለ ስታብስ። «እኔም ከመደርደሪያው እጀምራለሁ። የፎቶ ብር ውሃ አይለቀውም። መደርደሪያው ላይ ያለው እድፍ ግን ለቀቀ። እናቴ የሐዘን ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ክሬፕ እርጥበት ሲነካው ቀለሙን ይተፋል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ በእጇ ላይ ሳየው ነው የኖርኩት። ሰኞ ዕለት አንድ ሰው ሲያናይዱን ለማውረድ በእርጥቡ መደርደሪያ ላይ ክንዱን አሳረፈ፤ እጅጌው ክሬፕ ነበር። ሰኞ በዚህ ቤት ክሬፕ የለበሰ ስንት ሰው ነው?»

ሁሉም ወደ ግራጫዋ ቀሚስ ዞሩ።

«አይደረግም» አሉ አሮጊቷ። «ኤስተር ከሄክተር ጋር ምን አላት? እናቷን የቀበረች ምስኪን።»

«እኔንም ያስቸገረኝ እሱ ነበር፣ እመቤቴ። መልሱን የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። ለእናት ስድስት ወር ነው አሉኝ። አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ክሬፕ የሚለበሰው ለማን ነው?»

አሮጊቷ ራሳቸው መበለት ናቸው። ሲመልሱ ድምፃቸው ወረደ።

«ለባል።»

«ለባል። ሚስ ሂዩም ክሬፓቸውን ያወለቁት ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 15 ነው። አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ወደ ኋላ ብቆጥር ያለፈው ዓመት ኦክቶበር 14 ላይ ደረስኩ። የዚያን ሳምንት ጋዜጦች አነበብኩ። በዚያ ዕለት ሻምበል ጊልበርት አርደን የሚባል መኮንን በሆቴል ክፍሉ ራሱን በሽጉጥ ገድሏል። ከሳምንት በፊት ከጌቶች ጋር ካርታ ሲጫወት ከእጅጌው የተደበቀ ካርታ ወጥቶበት ተዋርዶ ነበር። ካርታውን ከእጅጌው ያወጣው ሰር ሄክተር ድሬይኮት ነው።»

ላምበርት አንገቱን ደፋ።

«የመጨረሻው ደግሞ ይኸው ፊታችሁ ነው» አለ ስታብስ። «ይህ ቤት ከነአሽከሩ ጥቁር ለብሷል። ጥቁር አለኝ ያሉት ሚስ ሂዩም ብቻ ናቸው ያልለበሱት።»

«ለእሱ ጥቁር ልልበስ?» አለች ኤስተር። «ሚስ ሂዩምም አይደለሁም፤ ሚሲስ አርደን ነኝ። የጊልበርት እህቶች አስተማሪ ነበርኩ። አባቱ እንዳይረግመው በስውር ተጋባን፤ ሰባት ወር ኖርን። የሞተ ቀን ሬሳውን እንኳ አላሳዩኝም፤ አስተማሪቱ ምን አገባት? እናቴ በልጅነቴ ነው የሞተችው። በእሷ አሳብቤ ለጊልበርት ከል ለበስኩ። ደሙን ሳልመልስ አላወልቀውም ብዬም ማልኩ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ መርዙን ከጠርሙሱ ጨመርኩት። ማክሰኞ ጠዋት ከሉን ሳወልቅ ሄክተር ታች ቤት ቁርስ ይበላ ነበር። ለእኔ ግን ሞቷል።»

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እሷ ግን አሥር ወር ሙሉ ቂሟን እንደያዘች ለአሮጊቷ የጸሎት መጽሐፍ ስታነብ፣ አንድ ቀን እንኳ ድምፅዋ አልተሰናከለም።

«ከሉን አንድ ሳምንት ቢያቆዩት ኖሮ ቀኑን አልቆጥርም ነበር» አላት ስታብስ።

«አውቃለሁ። ባሌን ግን በሥርዓቱ ነው ያዘንኩለት።»

ላምበርት ከሁለት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነፈሰና የኦክታቪያን እጅ ያዘ። «ተመስገን፣ አበቃ» አላት።

«አላበቃም» አለች ኤስተር። «የአይጥ መርዝ ከየሱቁ እየተሸጠ ያንተን ሲያናይድ ለምን እንደወሰድኩ አትጠይቀኝም? በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ልጥል ነበር። ለታላቁ መርዝ፣ ለታናሹ ገመድ።»

ኦክታቪያ ደነገጠች። «እሱ ምን አደረገሽ?»

ኤስተር ከመስፊያ ቦርሳዋ በብዙ መታጠፍ የሳሳ ደብዳቤ አወጣች። «ትናንት መሳቢያዬ መነካቱን አውቄያለሁ። ስለዚህ ይዤው መጣሁ። አንብቢው።»

ኦክታቪያ ጮክ ብላ አነበበች፤ «ኤስተርዬ፣ ሄክተር ስናሸንፈው ያጭበረብር እንደነበር ልናገርበት ስል ቀድሞኝ ካርታውን በእጅጌዬ ከተተብኝ። ላምበርት አይቷል። ዓይን ለዓይን ተያየን። አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር።»

ደብዳቤውን ዝቅ አደረገችው።

«እውነት ነው?»

«ወንድሜ ነበር፣ ኦክታቪያ።»

«አይተሃል ወይ ነው ያልኩህ።»

ላምበርት ወደ ጥቁር ጣቶቹ አቀረቀረ። «ዝም ብል ነገሩ ይረሳል ብዬ ነው። ራሱን ይገድላል አላልኩም።»

ኦክታቪያ እጇን ከእጁ አወጣች። ደብዳቤውን ጉልበቱ ላይ አኖረችለት። «ሊሰቅሉህ ነው ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ አለቀስኩ። ከልቤ ነበር ያለቀስኩት» አለችው። «ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ። ያንን ወርቅህን ይዘህ ኑር።» በሩን ለአሽከሩ እንኳ ሳትተው ራሷ ከፍታ ወጣች። ላምበርት ሊከተላት ተነስቶ፣ ደጃፉ ጋ ሲደርስ ቆመ።

ኤስተር ይህን ሁሉ ዓይኗን ሳትነቅል ስታይ ነበር። ፊቷ ላይ ደስታ አልነበረም፤ ከባድ ሸክም ያወረደ ሰው ይመስል ነበር።

«አሥር ወር አነበብሽልኝ» አሉ አሮጊቷ።

«እርስዎን አልጠላሁም፣ እመቤቴ።»

«እኔ ግን እስክሞት እጠላሻለሁ።»

«ልጅዎን ገድያለሁ፤ ይገባኛል» አለች ኤስተር። «እንደእኔ ቀን ቆጥረው ግን አይጥሉኝ። ቀን የሚቆጥር ሰው እንቅልፍ የለውም።»

ስታብስ ሲነሳ እሷም ተነሳች። «አንድ ነገር ልለምንዎት» አለችና ከቦርሳው ሥር ነጭ ቆብ አወጣች፤ መበለቶች የሚደፉትን፣ ረጅም ጥብጣብ ያለውን። ረቡዕ ስታብስ በእጁ ይዞት የቆየው እሱን ነበር። ተሰፍቶ አንድ ቀን እንኳ አልተደፋም፤ የመተኮሻው እጥፋት ገና አልተፈታም።

«ዓመት ሙሉ በእናቴ ስም አለቀስኩ። ከዚህ ቤት በባሌ ስም ልውጣ።»

መስተዋቶቹ ተሸፍነው ስለነበር በዳበሳ ደፋችው፤ ቆቡም ጠመመ። ስታብስ ጠጋ ብሎ አቀናላትና ጥብጣቡን ወደ ኋላ ለቀቀላት። እናቱ ስትሠራ ሺህ ጊዜ ያየው ሥራ ስለሆነ እጁ አልሳተም።

በዋናው በር ወጡ። ደጅ የሚጠብቀው ጋሪ ነጂ ማን እንደሆነች፣ ወዴትም እንደምትሄድ አልተነገረውም። ያየው ቆቧን ብቻ ነው። ባርኔጣውን አነሳላትና «እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እመቤት» አላት።

ኤስተር አንድ እግሯን ከጋሪው ላይ እንዳደረገች ቆመች። ጊልበርት ከሞተ ወዲህ ስለ ባሏ ያጽናሽ ያላት ሰው እሱ የመጀመሪያው ነበር። ያኔ ነው ያለቀሰችው።