አማላጅ የማይላክበት መሣሪያ

ፎቅ በፎቅ ላይ ተደራርባ በተሠራችው በዋንዛ ከተማ ሰው ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ በሩ ላይ ያለችውን መብራት ሳያይ አያልፍም። የክልሉ መንግሥት አዲስ ገንዘብ ሊሰበስብ ሲያስብ፣ ስመ-መርማሪው፣ ማለትም የክፍያን ስም ከሥራው ጋር የሚያመሳክረው መሣሪያ፣ በየበሩ መብራት ያበራል። አረንጓዴ ከሆነ የአገልግሎት ክፍያ ነው፤ የከፈሉት በአገልግሎት ይመለሳል። ቀይ ከሆነ ግብር ነው፤ ወደ ጋራ ካዝና ይገባል፣ ሕዝብ ድምፅ ካልሰጠበትም አይጸናም።

አንድ ቀን "የአየር ማጣሪያ ክፍያ" የተባለው ቀይ በራ። ርዕሰ መስተዳድሩ መሣሪያው ተበላሽቷል አሉና የጥገና ባለሙያዋን ስንዱን ላኩ።

ስንዱም ብልሽት ባደረገው እያለች መሣሪያው ወዳለበት ወረደች። ልጇ አስም አለባት፤ የሚኖሩትም ጢሱ በሚተኛበት በሦስተኛው ፎቅ ነው። ነገሩ ወደ ድምፅ ከሄደ ደግሞ የሚበዙት ንጹሕ አየር የጠገቡት የላይኞቹ ናቸው። የታች ሰው ሳል መቼ ይሰማቸውና!

ክዳኑን ስትከፍት ክው አለች። ውስጡን ሸረሪት አድርቶበታል። የቀረውን አንድ ሽቦ ተከትላ ብትሄድ መዝገብ ቤት ገባች፤ የመዝገብ ሹሙ ጋሽ ጓንጉል ሁለት ማብሪያ ማጥፊያ ከፊታቸው አድርገው ረቂቅ ያነባሉ።

ሽማግሌው አልካዱም። መሣሪያው ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ ከዚያ ወዲህ መብራቱን የሚያበሩት እሳቸው ናቸው። ለምን ደበቁ ብትላቸው፣

"ልጄ፣ ለሰው አማላጅ ይላካል" አሉ። "ለመሣሪያ ማን ሽማግሌ ይልካል?"

ስንዱ የልጇን ነገር አንስታ መብራቱን አረንጓዴ እንዲያደርጉት ለመነቻቸው። እሷም አማላጅ መሆኗ ነውና አፈረች፤ ግን ለመነች። ጋሽ ጓንጉል ረቂቁን ገልጠው አሳዩዋት፤ በአየር ስም ከሚሰበሰበው ለማጣሪያ የሚውለው ሲሶው ብቻ ነው፤ የቀረው ወደ ጋራ ካዝና ይገባል።

"በልጅሽ ሳል ሊነግዱ ነው" አሏት ቀስ ብለው።

ስንዱ ደሟ ፈላ። ግን እኚህ ስም ሲያቀኑ የኖሩ ሰው በመሣሪያ ስም ሲጠሩ መኖራቸውም አላስቻላትም፤ ይህንኑ ነገረቻቸው። ጥቂት አሰቡና ልክ ነሽ፣ የኔም መለያ ውሸት ነበር አሉ። ስንዱም በጥገና ሪፖርቷ ላይ "መሣሪያው አይሠራም፤ የሚሠሩት አቶ ጓንጉል ናቸው" ብላ ጽፋ ፈረመች።

በማግስቱ ርዕሰ መስተዳድሩ ለአማላጅነት የላኳቸው ሽማግሌዎች ተሰልፈው መጡ። ጋሽ ጓንጉል ብድግ ብለው ወንበር ሰጧቸው፣ እጅ ነሱ፣ እስከ መጨረሻው አዳመጧቸው። መብራቱ ግን ቀይ እንደሆነ ቀረ። ቆራጥ ሰው እንዲህ ነው!

ምክር ቤቱ ሌላ መላ ሲያጣ ረቂቁን አስተካከለ፤ "የታችኛው ፎቅ አየር ግብር" ብሎ፣ ሁሉም ለማጣሪያ እንዲውል አስሮ ለሕዝብ አቀረበው። ስንዱ በድምፅ መስጫው በር ቆማ ጠበቀች። ውጤቱ ሲነገር የላይኞቹ በአብላጫ ድምፅ ደግፈውታል። ጆሮዋን ማመን አቅቷት ከሰማንያኛው ፎቅ የመጡትን አንዲት ባልቴት ምን ነክቷችሁ ነው አለቻቸው።

"ስለ ታች ሰው አየር እስከ ዛሬ ማን ጠይቆን ያውቃል፣ ልጄ?" አሉ ባልቴቷ።