የዳማ እራት

ብዙነህን ጠዋት ጋጣው ውስጥ ግንባሩ ተሰንጥቆ፣ ሞቶ ያገኘችው ሚስቱ ሂሩት ናት። የፎንቆ መንደር ሰው ፈረሱ ዳማ ረግጦት ነው ብሎ ፈረደ። የብዙነህ ታናሽ ወንድም ሆሴዕ ሰው የገደለ ፈረስ ከቀብሩ በፊት ይገደላል ብሎ ጠመንጃውን ይዞ በር ላይ ቆመ።

ኢንስፔክተር አዜብ ከሆሳዕና ስትደርስ መጀመሪያ ያዘዘችው እንዳይተኩስ ነው።

ዳማ የሚሮጥበት የፈረስ ውድድር የዚያኑ ቀን ከሰዓት ነበር። ፈረሱ ለሩጫ ደርሶ እንደሆነ ሁሉንም ጠየቀች። ሂሩት ባሏ ደርሷል ይል እንደነበር፣ እሷ ግን ፈረሱን ቀርባው እንደማታውቅ ተናገረች። ሆሴዕም ከወንድሙ የሰማውን ደገመ። ዳማን በየማለዳው የሚያሸውም የሚጋልበውም ቲቶ ነው።

«እንዲህ ሆኖልኝ አያውቅም» አለ ቲቶ። «ሆዱ ገብቷል፣ ትንፋሹ ረጅም ነው።»

«እግሩስ?»

«ብረት ነው።»

«ማታ ምን በላ?»

«ምንም። ነገ የሚሮጥ ፈረስ ጦሙን ነው የሚያድረው። ሣር እንኳ እንዳትሰጡት ብያቸዋለሁ።»

አዜብ ጋጣ ገባች። የዳማ ሆድ ተነፍቷል። ገንዳው ውስጥ የተነከረ ገብስ ተርፏል። የግራ የኋላ እግሩ ጅማት አብጦ ያቃጥላል፤ ቀኙን ስታነሳው ፈረሱ ተንቀጥቅጦ ሊወድቅባት ነበር። አቧራ በለበሰው ጋጣ ውስጥ የታጠበው የበሩ መቀርቀሪያ ብቻ ነው።

ሦስቱን ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ዳማ አልገደለውም። በቀኙ እንዳይራገጥ ግራው አይሸከመውም። ግራውን ደግሞ መሬት ማስነካት እንኳ ያመዋል።»

«ታዲያ ማን ነው?» አለ ሆሴዕ።

«ገብሱን የሰጠው። ዳማ ዛሬ እንደማይሮጥ በዋዜማው ያወቀ ሰው ነው ያበላው።»

«ሦስታችንም ልናበላው እንችል ነበር» አለች ሂሩት።

«ትችሉ ነበር። ግን ወይዘሮ ሂሩት፣ እርስዎም ሆሴዕም ስለ እግሩ አታውቁም። በየማለዳው የሚያሸው ሰው ይህን እብጠት አይስተውም። ቲቶ፣ ብረት ነው ያልከኝ አንካሳ ፈረስ እንደማይራገጥ ስለምታውቅ ነው።»

ቲቶ አልካደም። አይሮጥም ብሎት እንደነበር፣ ብዙነህ ግን የሕመም ማስታገሻ መርፌ ተወግቶ ይሮጣል እንዳለው ተናገረ። ሽምጥ ላይ እግሩ ቢሰበር የሚሞተው ጋላቢው ነው። ብዙነህ ጋላቢ ሞልቷል ሲለው መቀርቀሪያው እጁ ላይ ነበር።

«አብልተኸው ልታስገድለው?» አለችው ሂሩት።

«ጠመንጃ ያወጣሉ ብዬ አላሰብኩም፣ እትዬ።»

«ለምን አበላኸው?» አለች አዜብ።

«ርቦት ነበር።»

አዜብ ቲቶን ይዛው ስትወጣ ሆሴዕ ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ሂሩት ጋጣ ገባች። ዳማ የተረፈውን ገብስ እየበላ ነበር፤ ቀና አላለም።