ብቻውን የጮኸው ብርሌ

እኔ መንፈስ፣ ምልኪ፣ ምናምን የሚባል ነገር ጆሮዬ የማይገባ ሰው ነበርኩ፣ ጓደኞቼ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀምሩ «ሌላ ጨዋታ የላችሁም እንዴ?» ብዬ የማቋርጠው እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ይህንን ሳወራችሁ በራሴም እያፈርኩ ነው፣ ግን እመኑኝ፣ ሆኗል።

ከምኒልክ አደባባይ ወረድ ብሎ አሮጌ የብርጭቆ ዕቃ የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ስጀምር ስለ ብርጭቆ የማውቀው እንደሚሰበር ብቻ ነበር። ያስተማሩኝ እትዬ አስካለ ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚሁ ፒያሳ ጠጅ ቤት የነበራቸው፣ አሁን ብቻቸውን የሚኖሩ የሰፈራችን አሮጊት። «ቂጡን ገልብጪና እዪው፣ በአፍ የተነፋ ከሆነ ጠባሳ አለው፤ ሆዱ ውስጥ የአየር ጠብታ ፈልጊ፤ ከዚያ በጥፍርሽ ነካ አድርጊው፣ ጥሩው ቶሎ ዝም አይልም» ይሉኝ ነበር። ሁለት መንታ ሰማያዊ ብርሌዎች ነበሯቸው፣ አንዱን «እንዳትሸጪው፣ ዓይንሽን አሠልጥኚበት» ብለው ሰጡኝ፣ እኔም መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት።

ሐምሌ ውስጥ ነው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቆይቶ ድንገት ቀጥ አለ፣ መብራት ጠፍቷል፣ መንገዱም ጭር ብሏል። ቅጭል። አይጥ ናት አልኩ። ቅጭል፣ ቅጭል። ከባድ መኪና ሲያልፍ መደርደሪያው ይንቀጠቀጣል፣ እሱ ይሆናል ብዬ ብቅ ብል መኪና የሚባል የለም። ዞር ስል ሌላው ሁሉ ዝም ብሎ ሰማያዊው ብርሌ ብቻውን ይጮኻል! መዳፌን ጫንኩበት፣ እንደ ጫጩት ልብ ይመታል። ውስጡን ሳየው ደግሞ፣ በማርያም፣ ሰው የተነፈሰበት ይመስል ጉም ይለብሳል፣ ይጠራል፣ መልሶ ይለብሳል፣ እየቆየ እየቆየ።

ሱቁንም ሳልቆልፍ፣ ብርሌውን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወደ እትዬ አስካለ ቤት ሮጥኩ፣ ልመልስላቸውና ልገላገል ብዬ እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። በሩ ገርበብ ብሏል። «እትዬ! እትዬ አስካለ!» መልስ የለም። ዘልቄ ስገባ ጓዳ ውስጥ፣ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ በጎናቸው ወድቀዋል፣ ፊታቸው አመድ መስሏል። አለቁ ብዬ ጮህኩ። ያኔ አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉና በቀጭን ድምፅ፣

«ጫማሽን አታወልቂም? ጭቃውን እኮ አስገባሽው» አሉኝ።

እየሳቅኩ አለቀስኩ፣ እያለቀስኩ ሳቅኩ፣ እንዲህ ያለ እፎይታ በሕይወቴ አላውቅም። ጎረቤት ተጠራ፣ ላዳ ተገኘ፣ ሐኪም ቤት ደረስን፤ ዳሌያቸው ተሰብሮ ኖሯል፣ ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነበሩ።

ሻል ሲላቸው አልጋቸው ላይ ሆነው «እንዴት አወቅሽ?» አሉኝ።

«መንታውን ብርሌ እርስዎ መቱት መሰለኝ፣ የእኔውም አብሮ ጮኸ።»

«በምኔ ልምታው ልጄ? እጄ ከሥሬ ነበር፤ ያኛው ደግሞ ስወድቅ ተሰብሯል። እኔም ሲንኳኳ እየሰማሁ ነው እንቅልፍ ሳይወስደኝ የቆየሁት፤ አንቺ በር ላይ ያለሽ መስሎኝ።»

ተያየን፣ ሁለታችንም ወሬ ቀየርን።

አሁን በምርኩዝም ቢሆን ይራመዳሉ፣ ይቆጣሉ፣ ተመስገን ነው። ብርሌውም ወደ መደርደሪያዬ ተመልሷል። ግን በየጠዋቱ ይደውሉልኛል። «ዛሬስ?»

«ዝም ብሏል እትዬ።»

«እሰይ» ይላሉ። ከዚያ ግን እሳቸውም ስልኩን አይዘጉም፣ እኔም አልዘጋም፣ ትንሽ እናዳምጣለን።