ባለ ወይራው ሰንጢ

ሠርካለም ሰንጢውን ከካርቶኑ ሥር ስታወጣው መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነበር። በኋላ ስታስበው ከሁሉም ያሳፈራት ይኸው ነው።

«ጋሼ ታደለ፣ ይኸን ከየት አገኙት?»

ታደለ ደባርቅ መናኸሪያ አጥር ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ አሮጌ ዕቃ ይሸጣል፤ ዝገት የበላው ቁልፍ፣ ፋኖስ፣ የማይናገር ራዲዮ፣ የተቀደደ ኮርቻ። ዱሮ ወደ ፓርኩ የሚወጡ ቱሪስቶች ይገዙት ነበር። ቱሪስቱ ከሳሳ ወዲህ ዋና ደንበኛው ይቺ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ሆናለች፤ እሷም ከሰንጢ በቀር ሌላ ዕቃ አትነካም። እናቷ ከሰልባጅ ተራ በገዛችላት ጃኬት ኪስ ውስጥ አንድ ታጣፊ ሰንጢ ካገኘች ጀምሮ፣ ገበያ በዋለ ቁጥር የአሮጌ ዕቃ ተራውን ሳትዞር ቤቷ አትገባም። ባለ ቀንድ እጀታ፣ ባለ ነሐስ፣ ስለቱ ተስሎ ተስሎ እንደ ሣር የቀጠነ ሁሉ አላት። ገበያተኞቹ «ሴት ልጅ ሰንጢ ምን ያደርግላታል፣ ባሏን ልትወጋ ነው?» እያሉ ይቀልዱባታል። ለምዳዋለች።

ይኸኛውን ግን ከዓይኗ በፊት ጣቷ ነው ያወቀው። የእጀታው አንድ ጎን ጥቁር ቀንድ ነው። ሌላው ጎን ቀንዱ ተሰብሮ በምትኩ የወይራ እንጨት ተለጥፎበታል፤ እንጨቱ የተመታው በጫማ ሚስማር ነው፣ አንዷ ሚስማር ደግሞ ተጣማለች። ያጣመማት የጓደኛዋ የአበባ ወንድም ክንዴ ነበር። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጦ ሲመታ ሠርካለም ራሷ እጀታውን ይዛለት ነበር። ስጠኝ ብላ ስትጨቀጭቀው፣ «ከቆላ ስመለስ ያንቺ ነው፤ እስከዚያ ተይኝ» ብሏት ሰሊጥ ሊያርም ወደ መተማ ወረደ። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነው።

«አንድ የመካነ ብርሃን ሰው ነው ያመጣልኝ» አለ ታደለ። «ገዱ ይባላል። ትናንት ነው ከቆላ የወጣ።»

«ባለቤቱስ?»

ታደለ ወደ መንገዱ ዞር አለ። አንድ ሲኖትራክ አቧራውን እያስነሳ አለፈ።

«ምን ታረጊዋለሽ ይኸን? ወባ ነው አለኝ። ባንድ ጎጆ ነበርን፣ አምና ክረምት እኔው ነኝ የቀበርኩት አለኝ። ደባርቄው ነበር የሚሉት፤ ያባቱን ስም አያውቅም። መቸስ ስንቱ የደባርቅ ልጅ ነው እዚያ የቀረው።» ከዚያ ፊቷን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ታውቂዋለሽ እንዴ?»

 ሠርካለም ከያዘቻቸው ባለ ነሐስ ሰንጢዎቿ ሁለቱን በለውጥ ሰጠችውና ባለ ወይራውን በመዳፏ ጨብጣ ወጣች።

* * *

አበባ ጓሮ ቁጭ ብላ በሶ ትነፋ ነበር። የእናቷ ስንቅ ነው። ወይዘሮ ወለተ ማርያም ሰኞ በማለዳው መኪና ወደ መተማ ሊወርዱ ነው፤ ልጃቸውን ክንዴን ይዘው ለመመለስ።

ይኸ ሁሉ የመጣው ከአበባ ውሸት ነው፤ ውሸቱን ከሠርካለም በቀር ማንም አያውቅም። ክንዴ ድምፁ ከጠፋ በኋላ እናትየው እህል መቅመስ ትተው ነበር። አልጋ ላይ ቀሩ። አንድ ቀን አበባ ከመናኸሪያ ሮጣ መጣችና «እማ፣ ክንዴን ያየው ሰው አገኘሁ። ደህና ነው፣ መተማ ሰው ቤት ተቀጥሯል፣ ስልኩን ሰርቀውት ነው» አለች። እናትየው ተነሡ፤ ፊታቸውን ታጠቡ፤ በሉ። ከዚያ በኋላ አበባ በየጊዜው አንድ አንድ ሰላምታ ማምጣት ግድ ሆነባት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የአበባ ውሸት ግን እያደር ከበዳት፤ እናቷ «ደህና ከሆነማ ምን ያስቀምጠኛል» ብለው ተነሡ።

ሠርካለም መዳፏን ዘረጋች። አበባ ሰንጢውን አየችው። ወንፊቱን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች።

«ሸጦት ይሆናል» አለች።

«አቤ» አለቻት ሠርካለም።

«ሰው ሲቸግረው ይሸጣል እኮ። ወይ ሰርቀውት። አታካብጂ።»

ሠርካለም የሰማችውን ሁሉ ነገረቻት። አበባ በሶ የነካውን እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች፣ እየጠረገች ሰማቻት። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻል ነበር።

«አትናገሪም» አለች በመጨረሻ።

«ሰኞ እኮ ሊሄዱ ነው። የሌለ ሰው ፍለጋ! አገሩን አያውቁ፣ ሰው አያውቁ። እሳቸውንም ወባ ቢይዛቸውስ?»

«ፈልጋ ስታጣው ትመለሳለች። ተስፋዋን ራሷ ብትቆርጥ ይሻላል። አሁን ከነገርሻት ግን እኔ ነኝ የገደልኳት። ገባሽ? ዓመት ሙሉ በሬሳ ስም ሰላም በልልኝ ብሏል እያልኩ ያበላኋት እኔ ነኝ።» ዓይኗ ቀላ። «ከተናገርሽ አላውቅሽም። እንዳልተዋወቅን ነው። ማርያምን።»

ሠርካለም ሰንጢውን ኪሷ ከታ ወጣች። እሽም እንቢም አላለችም።

* * *

ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በዓይኗ አልዞረም። ቅዳሴ ሲደወል ተነሥታ ያገኘችውን ነጠላ በቁሟ ጣል አድርጋ ወጣች። ጠዋቱ ጭጋግ ለብሷል፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ማንንም እንዳታገኝ በታችኛው መንገድ ዞረች፤ የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ የመጀመሪያዋ ያገኘቻት ሰው ወይዘሮ ወለተ ማርያም ሆኑ።

ሴትየዋ ከሩቅ ሲያዩዋት ቀጥ ብለው ቆሙ። ዓይናቸው ያረፈው ከፊቷ ላይ አልነበረም።

«ማን ሞተ?» አሉ።

 ሠርካለም ጎንበስ ብላ ራሷን ስታይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳዋለች። ጥለቱ እታች መውደቅ ሲገባው አንገቷ ላይ ተጠምጥሟል፤ ሐዘን የገባበት ሰው እንደሚለብሰው። መርዶ ሳይነገር፣ ለቅሶ ሳይቀመጡ፣ እሷ ለብሳው መጣች።

«ማንም… ቸኩዬ ነው እማማ። ሳላየው ነው» አለች፤ እንባዋ ግን ቀደማት።

«ኧረ የዛሬ ልጆች። እንዲህ ተኩኖ ይወጣል? ሟርት እኮ ነው።» ወይዘሮ ወለተ ማርያም ጠጋ አሉና ነጠላውን ከትከሻዋ ገፈፉት። አራገፉት፣ ገለበጡት፣ ጥለቱን ወደ ታች አድርገው መልሰው አለበሷት። ጣታቸው ሻካራ ነው፤ በሶ በሶ ይላል። «እንዲህ ነው። ነይ እስቲ ወዲህ፣ ምን አስለቀሰሽ? እኔ ስሄድ አበባ ብቻዋን ሆና እንዳትከፋ አደራ፤ አብረሻት እደሪ። ክንዴን ይዤው ስመጣ ያንን የለመንሽውን ሰንጢ አሰጥሻለሁ።»

ሰንጢው ኪሷ ውስጥ ነበር። በሴትየዋ ክንድና በእሱ መካከል አንድ ስስ ጨርቅ ብቻ ነበር ያለው። ሠርካለም ሁሉንም ያኔውኑ፣ እዚያው አጥር ጥግ ልትዘረግፈው ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ግን መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሰው ቆሞ፣ ብቻውን፣ ከልጅ አፍ አይሰማውም፤ የሚደግፈው ሰው ከጎኑ ሳይኖር አይረዳም። ይኸን ማንም አላስተማራትም፤ ግን ታውቀዋለች።

«እሽ እማማ» አለች።

* * *

ቅዳሴው ሲያልቅ መምሬ ሀብተ ሚካኤልን ጠብቃ መስቀል ተሳለመችና ሰንጢውን በሁለት እጇ አቀረበችላቸው። የወለተ ማርያም የንስሐ አባት እሳቸው ናቸው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰሟት፤ የአበባን ውሸት ብቻ አልነገረቻቸውም። እሱ የሷ አይደለም።

 መምሬ ሰው ልከው ያንን ገዱን አስፈለጉት፤ ዘመዱ ቤት አርፎ ነበርና ተገኘ። ፊቱ የከሳ፣ ወባ ያጠወለገው ጎልማሳ ነው። ሰንጢውን ሲያይ ዓይኑን ሰበረ።

«ለመሳፈሪያ ቸግሮኝ ነው አባቴ፤ ይፍቱኝ» አለ። «ልጁ ግራ ጆሮው አይሰማም ነበር። ሲስቅ አፉን ይሸፍን ነበር። ከሰሊጡ ማሳ ዳር፣ ከግራሯ ሥር ነው ያረፈ። ካህንም አልነበረ። በላዩ አቡነ ዘበሰማያት ደገምንበት እንጂ።»

የክንዴ ግራ ጆሮ እንደማይሰማ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። መምሬ አማተቡ።

«ሳትሳፈር ልትሰማ ይገባል» አሉ። «ነገ ወፍ ሲንጫጫ እንገባለን። ወንድሟን ወልደ ገብርኤልን ከዳባት አስጠራለሁ፤ ጎረቤቶቹን እኔ እነግራለሁ። አንቺ ያለብሽን አድርገሻል፣ ልጄ። ነገ ከቤትሽ አትውጪ። መርዶ የልጅ ቦታ አይደለም።»

«ማን ነው የነገራችሁ ቢሉስ አባቴ?»

«እኔ ነኝ እላለሁ። ያንቺን ስም ማን ያነሳዋል።»

ቤቷ እስክትደርስ ይኸው ቃል አብሯት ሄደ። እውነት ነው፤ ማንም አያነሳውም። አበባ ትጠረጥር እንደሆነ እንጂ አታውቅም። ሰኞ ከሰዓት ሠርካለም ከለቀስተኛው ጋር ገብታ፣ እንደማንኛውም ጎረቤት አልቅሳ፣ ጓደኛዋን አቅፋ መቀመጥ ትችላለች። በዚህ ሐሳብ ትንሽ ቀለል አላት፤ ቀለል ስላላት ደግሞ ራሷን ጠላችው። ዓመት ሙሉ አብራ የዋሸችው ይበቃታል።

* * *

ሰኞ ገና ሳይነጋጋ የወለተ ማርያም አጥር ዙሪያ ሰው ሞላ። ማንም አይናገርም። ወልደ ገብርኤል የእህቱን ስም ላለመጥራት ጋቢውን አፉ ውስጥ ጠቅጥቆ ይዟል። ሴቶቹ መቀነታቸውን አጥብቀው ወደ በሩ ጠጋ ጠጋ አሉ፤ እናትየው ሲወድቁ የሚይዙት እነሱ ናቸው።

መምሬ ሠርካለምን ከሰው መካከል ሲያዩዋት ፊታቸውን ቋጠሩ።

«ምነው ልጄ? ቤትሽ ሁኚ አላልኩሽም?»

«ብለውኛል አባቴ» አለች፤ ከቦታዋ ግን አልነቃነቅም አለች።

መምሬ ሊመልሷት እጃቸውን አንሥተው ተዉት። በሩን በመቋሚያቸው ቀስ ብለው መቱ። ከውስጥ መወርወሪያው ተሳበ።

የከፈተችው አበባ ናት። የእናቷን የስንቅ ከረጢት በትከሻዋ አንግታለች። መጀመሪያ መምሬን አየች፣ ቀጥሎ አጎቷን፣ ቀጥሎ ዝም ብሎ የቆመውን ሰው ሁሉ። ዓይኗ እየዞረ መጥቶ ሠርካለም ላይ ቆመ።

ሠርካለም አንገቷን አልደፋችም። በሽማግሌዎቹ መካከል ሾልካ ወጣችና ደረጃውን ወጥታ ከአበባ ጎን ቆመች። አበባ አልገፋቻትም፣ አልነካቻትምም። ከረጢቱ ብቻ ከትከሻዋ ቀስ እያለ ወረደ።

«አቤ፣ ማነው?» አሉ ወይዘሮ ወለተ ማርያም ከውስጥ፣ ጫማቸውን እያሰሩ። «መኪናው መጣ እንዴ?»