እሹሩሩ የተባለለት ደወል

ደወሉ አልቃሻ ይባላል። ስሙን ያወጡለት የልብስ ስፌት ፋብሪካው ሴቶች ናቸው፤ ያለ ምክንያት ያለቅሳላ! ጠዋት ካውያው ሲሞቅ ያለቅሳል፤ ከምሳ በኋላ ወለሉ ሲጠረግ ያለቅሳል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ እንዲያው ሲያሰኘው ያለቅሳል። ባለቀሰ ቁጥር አንዷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «እሹሩሩ!» ትላለች፤ ሌሎቹ ይቀበሏታል። አዳራሽ ሙሉ ሴት ለእሳት አደጋ ደወል እሹሩሩ ይላል። በር ላይ ያለው ጥበቃ የመቆጣጠሪያ ሳጥኑን ማጥፊያ ይጫናል፤ ሕፃኑ ይተኛል፤ ሥራ ይቀጥላል።

መጀመሪያ እንዲህ አልነበረም። ደወሉ በተተከለ ሰሞን ሁሉም ይወጣ ነበር። አንድ ዝናባማ ቀን ግን ሦስት ጊዜ ጮኸ። በመጀመሪያው ሁሉም ወጡ፤ በሁለተኛው ግማሾቹ፤ በሦስተኛው አራት ሴቶች ብቻ። እነሱም ርሰው ሲመለሱ ጓደኞቻቸው ሳቁባቸው። የዚያን ቀን የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦዋ፣ ወንበር ላይ ወጣች።

«ከዛሬ ጀምሮ እኔ ሳላዝ ማንም ከወንበሩ እንዳይነሳ!» አለች። «ደወሉን አይደለም፣ እኔን ስሙ!»

ካቦዋ ክፉ ሴት አይደለችም። ድምጿ ከመኪናዎቹ ይበልጣል፤ ለሠራተኞቿ ግን ተከራክራ ፈቃድ ታስፈቅዳለች፤ የታመመችውን ቤቷ ድረስ ሄዳ ትጠይቃለች። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ታናሽ እህቷን ያሳደገቻት እሷ ናት። እህቷን ሁሉም ሚጣ ይሏታል፤ ላይኛው ፎቅ፣ ሸሚዝ በሚተኮስበትና በሚታሸግበት ክፍል ትሠራለች። ሚጣ ካቦዋን በሥራ ሰዓት «ካቦ»፣ ቤት ሲገቡ «እትዬ» ትላታለች።

አንድ ማታ ዕቃ እያጠቡ ሚጣ ጠየቀቻት።

«እትዬ፣ ግን አንድ ቀን እውነት ቢሆንስ?»

«እውነት ከሆነ እኔ የለሁም እንዴ? መጥቼ አወጣሻለሁ። ይልቅ ሳህኑን በደንብ አለቅልቂው።»

ነገሩ በዚህ አለቀ።

በፋብሪካው ውስጥ ደወሉን አልቃሻ የማይሉት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ኤሌክትሪሺያኑ። ቶሎ ስለሚግሉ ጋሽ ፊውዝ ይባላሉ። አንድ ቀን ከጣሪያው ላይ አንዱን ጭስ ጠቋሚ ፈትተው በእጃቸው ይዘው መጡ። የተገለበጠ ትንሽ ሳህን ይመስላል። ከፍተው ለካቦዋ አሳዩአት። ውስጡ በጥጥ ብናኝ ታጭቋል፤ የወፍ ጎጆ በሉት።

«ይኸውልሽ ልጄ፣ ይህ ዕቃ አልዋሸም። ዓይኑ ውስጥ ጥጥ ጠቅጥቀን ‹ምን አየሁ ትላለህ?› ብለን የምንቆጣው እኛ ነን። በየሦስት ወሩ መከፈት፣ መጠረግ፣ መሞከር አለበት። ካውያዎቹ አናት ላይ ያለው ደግሞ ቦታው አይደለም፤ እንፋሎትን ከጭስ አይለይም። በሙቀት የሚሠራ ይተካበት። ግማሽ ቀን ስጪኝ፣ እጨርሰዋለሁ።»

«ግማሽ ቀን! ጋሽ ፊውዝ፣ ግማሽ ቀን እኮ አራት መቶ ሸሚዝ ነው!»

«ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ልጄ።»

«እንግዲያው ቅጠሉን እርስዎ ይያዙ፤ እኔ ሸሚዜን ልስፋ።»

ሴቶቹ ከት ብለው ሳቁ። ጋሽ ፊውዝ ግለው ወጡ። ለሥራ አስኪያጁ በደብዳቤ አመለከቱ፤ ሥራ አስኪያጁ «ከካቦዋ ጋር ተነጋገሩ» አሉ። ካቦዋ «የሚቀጥለው ሳምንት» አለች። የሚቀጥለው ሳምንት ሌላ የሚቀጥለው ሳምንት ወለደ። ስድስት ወር እንዲህ አለፈ። ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ደወሉ ጮኸ። እሹሩሩ ተባለለት፤ ጥበቃው አጠፋው። ወዲያው እንደገና ጮኸ። ጥበቃው እንደገና አጠፋው። ለሦስተኛ ጊዜ ጮኸ።

«ዛሬስ ጥርስ ሊያበቅል ነው መሰለኝ» አለች ኮሌታ የምትሰፋዋ፤ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ።

ካቦዋም ሳቀች። እጇን ወደ ላይ አንስታ «ቁጭ! ማንም እንዳይነሳ!» አለች።

እጇን ሳታወርድ ጋሽ ፊውዝ በሩን በርግደው ገቡ። ሲሮጡ ታይተው የማይታወቁ ሰው እየሮጡ ነበር።

«ካቦ! ሳጥኑን አይቼዋለሁ፤ የሚጮኸው የካርቶን መጋዘኑ ነው!»

«ታዲያ ምን አዲስ ነገር አለው?»

«ልጄ፣ እዚያ ካውያ የለም! እንፋሎት የለም! ብናኝ አይደርስበትም! ያኛው አንድ ቀን እንኳ ያለ ነገር ጮኾ አያውቅም!»

የካርቶን መጋዘኑ ላይኛው ፎቅ ነው፤ ከሚጣ ክፍል የሚለየው አንድ በር ብቻ ነው።

 ካቦዋ ወደ ደረጃው ዞረች። በዚያች ቅጽበት በደረጃው በኩል ከላይ የሚመጣ ድምፅ ሰማች። አሥራ አራት ሴቶች ከሚሠሩበት ክፍል ነው። እየተቀባበሉ እሹሩሩ ይላሉ።

«ውጡ! ሁላችሁም ውጡ!» ብላ ጮኸች።

ማንም አልተነሳም። ተያዩ። አንዷ ፈገግ ብላ «ካቦ፣ እየፈተንሽን ነው?» አለቻት። ከዚያ ዝናባማ ቀን ጀምሮ ያስተማረቻቸውን በደንብ ተምረዋል። ጋሽ ፊውዝ የመኪናዎቹን ዋና ማብሪያ ቁልቁል ባይመቱት ኖሮ አሁንም ባልተነሱ ነበር። መኪናዎቹ ቀጥ ሲሉ ነው ደንግጠው ወደ በሩ የሮጡት።

ካቦዋ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች። ላይኛው ክፍል ስትደርስ ዓይኗን ማመን አቃታት። ግራጫ ጭስ ጣሪያውን ከዳር እስከ ዳር ለብሶ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሴቶቹ ከሥሩ አቀርቅረው ሸሚዝ ይተኩሳሉ። እንፋሎት የለመደ ዓይን ጭስንም እንፋሎት ነው ይለዋል።

«እንዴ! ካቦ ዛሬ ራሷ ልታስተኛው መጣች!» አለች አንዷ። መሳቅ ጀምራ ሳቋ በሳል ተቆረጠ። ከዚያ ቀና አለች። ከዚያ ሁሉም ቀና አሉ።

ወንበር ተገለበጠ፤ ካውያ ወደቀ፤ አንዷ የሌላዋን ቀሚስ እየጎተተች ወደ ደረጃው ተንጋጉ። ካቦዋ በሩ ላይ ቆማ የእያንዳንዷን ፊት አየች። አሥራ ሦስት።

«ሚጣስ? ሚጣ የት አለች?»

የመጨረሻዋ ሴት እያለቀሰች ወደ መጋዘኑ በር ጠቆመች። «ካርቶን ልታመጣ ገብታ... ደወሉ ሲጀምር ‹እሹሩሩውን እናንተ በሉለት፣ መጣሁ› ብላ...»

የበሩ እጀታ ያቃጥላል። ተከትለዋት የወጡት ጋሽ ፊውዝ ከካውያው ውኃ ባልዲ ውስጥ ጨርቅ ነክረው ሰጧት፤ በሩ ሲከፈት ጭሱ እንደ ሰው ገፈተራቸው። በሆዳቸው ተሳቡ። ካቦዋ የእህቷን ስም መጥራት ፈለገች፤ የምትጠራበት ትንፋሽ አልነበራትም። ከፊት ለፊት የሆነ ነገር ይንጣጣል፤ የሚታይ ነገር ግን የለም። ወለሉን በመዳፏ ስትዳብስ ጫማ አገኘች። ጫማው ውስጥ እግር ነበር። እግሩ አይንቀሳቀስም።

ጎትተው አወጧት። ደረጃውን ሲወርዱ ካቦዋ እህቷ በሕይወት ትኑር አትኑር አላወቀችም፤ ለማየትም ፈራች። ግቢው ውስጥ አስተኝተዋት ደረቷ አንዴ ከፍ ሲል ነው ያወቀችው።

ይህን ጀግንነት የሚል ካለ ይተወው። ሠልጥነው፣ የመተንፈሻ መሣሪያ አድርገው እሳት ውስጥ የሚገቡ ባለሙያዎች አሉ። ካቦዋ የገባችው እነሱን የምትጠብቅበትን ጊዜ ራሷ ስላባከነችው ነው። ከመጀመሪያው ጩኸት እስከ በሩ መከፈት ድረስ የነበረው ጊዜ አንዲትን ወጣት ልጅ በእርጋታ አስወጥቶ ይተርፍ ነበር።

ሚጣ ሆስፒታል ዘጠኝ ቀን ቆየች። ሐኪሙ ሳንባዋ እንደ ድሮው ላይሆን እንደሚችል ለካቦዋ በግልጽ ነገሯት። በሰባተኛው ቀን ሚጣ አፏ ላይ የነበረው የኦክስጅን ጭምብል ሲነሳላት ተናገረች፤ ድምጿ እንደ ሻካራ ወረቀት ነበር።

«ሰምቼው ነበር፣ እትዬ።»

«ምኑን፣ የኔ እናት?»

«ደወሉን። ያን ጊዜ ገና ትንሽ ጭስ ነበር፤ ከወዲያኛው መደርደሪያ ጀርባ። መውጣት እችል ነበር።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «አንቺ ውሸት ነው ስላልሽ ነው የቆየሁት።»

ብትቆጣት፣ ብትሰድባት በተሻላት ነበር። ሚጣ አልተቆጣችም። የሆነውን ብቻ ነው የተናገረችው። 

በኋላ ሲጣራ እሳቱን ያስነሳው መጋዘኑ ውስጥ ያረጀ የመብራት ገመድ ሆኖ ተገኘ። ሰዉን ቁጭ ያደረገው ግን ገመዱ አይደለም።

አሁን በየሦስት ወሩ ጠዋት መስመሩ ይቆማል። የሚያስቆመው ጋሽ ፊውዝ አይደሉም፤ ካቦዋ ናት። ጭስ ጠቋሚዎቹ አንድ በአንድ ይወርዳሉ፣ ይከፈታሉ፣ በብሩሽና በአየር ይጠረጋሉ፣ ተመልሰው በሙከራ ጭስ ይፈተናሉ። ካውያዎቹ አናት ላይ የነበረው ተነስቶ በሙቀት የሚሠራ ተተክቷል። ጥበቃውም ከየት እንደጮኸ ሳያይና ቦታው ድረስ ሰው ሄዶ ሳያረጋግጥ ማጥፊያውን አይነካም።  

ባለፈው ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ወረዱ።

«መስመሩ ለምን ቆመ? ትእዛዝ አለብን እኮ!»

«ደወሉ እየተጠረገ ነው።»

«ደወሉ ከሙከራ ውጪ ስድስት ወር ሙሉ ትንፍሽ አላለም! ምኑ ነው የሚጠረገው?»

«ትንፍሽ ያላለው ስለሚጠረግ ነው» አለች ካቦዋ። «ትንፍሽ ያለ ቀን ደግሞ ሰው እንዲያምነው። ግማሽ ቀን ነው፣ ጌታዬ። አልሰጥም ካሉ ሴቶቹን ይዤ ግቢ ውስጥ እቀመጣለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ፊቷን አይተው ተመለሱ።

እናንተስ? ከራሳችሁ በላይ፣ ጣሪያው ላይ ያለውን ያን ክብ ነገር ለመጨረሻ ጊዜ የከፈተው ማን ነው? መቼ? «የኛው እንዲያው ነው የሚጮኸው» አትበሉ። እንዲያው የሚጮኽ ደወል የለም፤ ምክንያቱን ማንም ያልጠረገለት ደወል ነው ያለው። በሐሰት በጮኸ ቁጥር ሰውን አንድ ነገር ያስተምረዋል፤ አለመነሳትን። ሰው ደግሞ ይህን ትምህርት ቶሎ ይለምዳል።

ባለፈው ሲጮኽ ከመካከላችሁ ስንት ሰው ተነሳ? ማንም ካልተነሳ ደወል የላችሁም። ነገ አትበሉ፤ መሰላሉን ዛሬ አምጡ።