የካዋንዲው ሆድ

እማማ ካታሪና የሞቱት በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ ከብጣሽ ጨርቅ የሚሰፉትን ብርድ ልብስ፣ ካዋንዲያቸውን፣ ከጉልበታቸው እስከ እግራቸው እንደዘረጉ ነው። መርፌው በቀኝ እጃቸው ጣቶች መሀል ነበር። ከሩቅ ላያቸው ሥራ አድክሟቸው ያሸለቡ ይመስላሉ። ምራታቸው ፊሎሚናም ያሸለቡ መስሏት፣ እንዳትቀሰቅሳቸው አንድ ሰዓት ሙሉ በእግሯ ጣት ስትራመድ ቆየች። አሥር ሰዓት ላይ ሻይ ይዛ ትከሻቸውን ነካ ስታደርግ አሮጊቷ ወደ ጎን ተንሸራተቱ። ከማጅራታቸው በላይ ያለው ሽበት በደም ተጣብቋል።

ምክትል ኢንስፔክተር ናጋራትና ከወረዳው ከተማ የደረሰችው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። የልብስ ሰፊ ልጅ ናት። ባልደረቦቿ «እሷ ሬሳ ስታይ መጀመሪያ የምታየው ልብሱን ነው» እያሉ ይቀልዱባታል፤ አሁንም እንደዚያው አደረገች። የአሮጊቷ ሳሪ ጫፍ ላይ ትንሽ ቋጠሮ አገኘችና ፈታችው። ውስጡ ሰባት ፍሬ ጥሬ ሩዝ ነበር።

«ለዶሮ ይዘውት ይሆናል፣ ማዳም» አለ ኮንስታብል ባሳፓ።

«ሰባት ፍሬ የምትበቃው ዶሮ አሳየኝና አንተን አምንሃለሁ» አለች፤ ሩዙን በወረቀት ጠቅልላ አስመዘገበችው።

ከዚያ ካዋንዲውን አየች። ማዶሊ መንደር ውስጥ ድሪቶ የድህነት ስም አይደለም። ያረጀ ሸሚዝ፣ የተቀደደ ደብተር ቦርሳ፣ የሙሽርነት ሳሪ፣ ሁሉም ብጣሽ ሆኖ እዚያ ላይ ሌላ ዕድሜ ያገኛል። ካዋንዲ የሚጀመረው ከጠርዝ ነው፤ ዙሪያውን እየተጣፈ ወደ መሀል ይገባል። መጨረሻ ላይ መሀሉ ላይ የምትቀረውን ክፍት ቦታ ሴቶቹ «ሆድ» ይሏታል። ሆዱ ከተዘጋ በኋላ አራቱ ማዕዘን ላይ አበባ የሚሏቸው ቁራጮች ይሰፋሉ፤ አበባ የሌለው ካዋንዲ ራቁቱን ነው ይባላል። የእማማ ካታሪና ካዋንዲ ሆዱ ተዘግቷል፣ አበቦቹ ግን ገና ነበሩ። የታሰበው ለፊሎሚና ልጅ ነው። ፊሎሚና የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

በማግስቱ ጠዋት ሐኪሙ በስልክ ተናገረ። አሮጊቷ የሞቱት ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ራሳቸው ከድንጋይ ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ነው። ሁለቱ ክንዳቸው ላይ የጣት ምልክት አለ። ሰው ይዟቸዋል፣ ገፍቷቸዋል፣ ከሞቱ በኋላም አንስቶ አስቀምጧቸዋል። ናጋራትና የበረንዳውን የድንጋይ ደረጃ ጎንበስ ብላ አየችው። በዚያ አቧራማ ቤት እሱ ብቻ ታጥቧል።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ጎረቤታቸውን ሃታራቢን ነው። ሃታራቢ ስድሳ አልፏቸዋል፤ ከካታሪና ጋር አርባ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰፍተዋል።

«ትናንት ስንት ሰዓት ተለያያችሁ፣ እማማ?»

«ሰባት ሰዓት፣ ልጄ። ለሶላት ተነሳሁ።»

«ያኔ ሆዱ ተዘግቶ ነበር?»

«የት ተዘግቶ! ሁለት መዳፍ ያህል ይቀረው ነበር።»

«ያንን ለመዝጋት ምን ያህል ይፈጃል?»

«በእሷ እጅ? ጣቶቿ እንደ ዝንጅብል አብጠው? ቶሎ ካለች ዘጠኝ ተኩል።»

«መርፌ አጣጣሉስ የእሳቸው ነው?»

ሃታራቢ መሀሉን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ አዩት። «የእሷ ነው። ካልሆነም እሷ ያስተማረችው ሰው ነው። እሷ ደግሞ ያስተማረችው ፊሎሚናን ብቻ...» አሉና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ምን አልኩ? ልጄ፣ ይሄን አትጻፊው።»

የተጻፈ ግን ተጽፏል። አሮጊቷ እስከ ዘጠኝ ተኩል ከሰፉ፣ ከዘጠኝ ጀምሮ የመንደሩ ወንድ ሁሉ የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ጉዳይ ለመነጋገር ቄሱ ዘንድ ተሰብስቦ ነበር። ፊሎሚና ከስድስት ሴቶች ጋር ወንዝ ልብስ ስታጥብ ቆይታ በዘጠኝ ሰዓት ተመልሳለች። ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ ከእሷ በቀር ማንም አልነበረም።

ናጋራትና ለአለቃዋ ደወለች፤ አለቃዋ ለማሰብ ጊዜ አልወሰደም።

«እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ልጅቷን ይዘሽ ነይ።»

«ጌታዬ፣ አንድ ቀን ቢሰጡኝ። ነፍሰ ጡር ናት።»

«እስር ቤትም አዋላጅ አለ።»

ስልኩን ዘጋው። ናጋራትና ስልኩን እንደያዘች ቆመች። ያቺ ልጅ ከገባች መዝገቧ ተራ እስኪደርሰው ልጁ እዚያው ይወለዳል፣ እዚያው መራመድ ይጀምራል። ይህን በዓይኗ አይታለች፤ ያኔም ልታደርገው የቻለችው ነገር አልነበረም።

ቀጥላ የሟቿን ታናሽ ወንድም ካይታንን ጠራች። ከእህታቸው ጋር በድንበር ላይ ባለች አንድ የጃክ ፍሬ ዛፍ ምክንያት ለዓመታት ተኳርፈዋል።

«ጠልቻት ነበር» አሉ ሳይጠየቁ። «ልገድላት ብፈልግ ግን ዛፏ መጀመሪያ ባፈራች ዓመት እገድላት ነበር።»

«መስፋት ይችላሉ?»

ካይታን ቀኝ እጃቸውን አነሱት። ሦስቱን ጣት የእንጨት መሰንጠቂያ ወስዶታል። «የሸሚዜን ቁልፍ የምትቆልፍልኝ ሚስቴ ናት። መስፋትማ ጁጄ ነበር! እስከ ዘጠኝ ዓመቱ ከእናቱ ጉልበት ሥር ጠፍቶ አያውቅም። እንደ ሴት ተቀምጦ ሲሰፋ ሳቅንበት፤ ተወው። ከዚያ መጠጥ ያዘ።» «ቢሰፋ ይሻል ነበር።»

ጁጄ የካታሪና አንድ ልጅ፣ የፊሎሚና ባል ነው። ሲጠየቅ መሬት መሬት እያየ ነው የመለሰው።

«ከሰባት እስከ ዘጠኝ የት ነበርክ?»

«ጫካ። ማገዶ ለቀማ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

«የግራ እጅህን ጣት ምን ወጋጋው?»

ጣቱን ደበቀ። «እሾህ።»

«ሚስትህን ዛሬ እወስዳታለሁ።»

«ሕግ ነው» አለ። ናጋራትና ይህንንም ጻፈችው።

ፊሎሚና ጓዳ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። አንድ ጊዜ «አልገደልኳቸውም» ብላለች፤ ማንም እንዳላመናት ስታይ መድገሙን ተወችው።

«ከአማትሽ ጋር መጨረሻ ምን ተነጋገራችሁ?»

«ለመውለድ ወደ እናቴ ቤት መሄዴ ነበር፤ የመጀመሪያ ልጅ እዚያ ነው የሚወለደው። እማማ ካታሪና ‹እዚያው ቅሪ› አሉኝ። ‹ልጄ ነው፣ ግን ሲጠጣ እጁን አውቀዋለሁ፤ አትመለሺ› አሉኝ።»

«ጁጄ ይህን ያውቃል?»

«‹እኔ ራሴ እነግረዋለሁ፣ አንቺ አፍሽን እንዳትከፍቺ› ብለውኝ ነበር።» ሆዷን ዳበሰች። «ነግረውት እንደሆነ አላውቅም።»

ናጋራትና ወደ ሃታራቢ ተመለሰች፤ ወረቀቱን ፈታ ሰባቱን ፍሬ አሳየቻቸው። አሮጊቷ ሩዙን አዩ፣ በሩ ላይ የቆመውን ባሳፓን አዩ።

«ይሄ ሰውዬ ይውጣ» አሉ።

ባሳፓ ወጣ። ሃታራቢ በጆሮዋ አንሾካሾኩላት። ናጋራትና ሰምታ ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ «ወንድ ይህን አይቶ አያውቅም?» ሃታራቢ እንደ መሰደብ ቆጠሩት፤ «ኧረ ተይ! በዚህ መንደር በእኔ ዕድሜ አልታየም» አሉ።

አሥር ተኩል ላይ ሃታራቢ፣ ካይታን፣ ጁጄና ፊሎሚና በረንዳው ላይ ተሰበሰቡ። የፖሊስ ጂፑ ግቢው በር ላይ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ካዋንዲው መሀላቸው ተዘርግቷል፤ መቀሱ በናጋራትና እጅ ነው።

«ሁላችንም የተሳሳትነው በአንድ ነገር ነው» አለች። «ሆዱ ስለተዘጋ የዘጉት እማማ ካታሪና ናቸው አልን፤ ስለዚህም እስከ ዘጠኝ ተኩል በሕይወት ነበሩ አልን። እሳቸው ቀስ ብለው የሚሰፉት ጣታቸው ስለሚያማቸው ነው። እኔ የሰፊ ልጅ ነኝ፤ ዛሬ ስፌቱን ቆጥሬዋለሁ። ጤነኛ እጅ በአንድ ሰዓት ተኩል ይጨርሰዋል።»

«እሷ ናታ የሰፋችው?» አሉ ካይታን ፊሎሚናን እያዩ፣ እንደ ዳኛ ባለ ድምፅ።

«ቆይ እስቲ። የእማማ ካታሪና ዓይን ደካማ ነው፤ መርፌ ውስጥ ክር ደጋግመው ላለማስገባት ክሩን ረጅም ይቆርጡ ነበር። እዚህ መሀሉ ላይ ግን ክሩ አጭር ነው፤ በየስንዝሩ ቋጠሮ አለ። የሰፋው ዓይኑ ደህና የሆነ፣ የእሳቸውን አጣጣል ግን አጥንቱ ውስጥ የያዘ ሰው ነው።»

ፊሎሚና ዓይኗን ጨፈነች። ሁሉም ወደ እሷ ዞረዋል።

«አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ። የዚህ ካዋንዲ ሆድ ውስጥ ምን አለ?»

«ጨርቅ» አሉ ካይታን። «ሌላ ምን ሊኖር?»

«አንተስ፣ ጁጄ?»

«ጨርቅ ነው።»

«እማማ ሃታራቢ?»

አሮጊቷ ወንዶቹን በቁጣ አዩና «ሩዝ» አሉ። «ሆዱ ሳይዘጋ በፊት ጥቂት ፍሬ ሩዝ ይገባበታል። ከሥሩ የሚተኛው ሰው ሆዱ ባዶ እንዳይሆን። ወንድ አያየውም፣ አይነገረውም።»

«ፊሎሚና?»

«ሩዝ ነው» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። «ትናንት ጠዋት እማማ መርጠው ሲቋጥሩ አይቻለሁ። ሰባት ፍሬ።»

ናጋራትና መቀሱን አስገብታ ክሩን በጠሰች፤ የመጨረሻውን ብጣሽ አንስታ ለሁሉም አሳየች። ውስጡ ምንም የለም። ወረቀቱን ፈታ ሩዙን አጠገቡ አስቀመጠችው።

«ሩዙ ከሳሪያቸው ጫፍ አልተፈታም። ስለዚህ ሆዱን የዘጉት እሳቸው አይደሉም። ፊሎሚናም ብትሆን፣ እማማ ሃታራቢም ቢሆኑ ሩዙን አይረሱም፤ ይልቁንም ለገዛ ልጇ የሚሆነውን ካዋንዲ በባዶ ሆዱ የምትዘጋ ነፍሰ ጡር የለችም። የዘጋው አጣጣሉን የተማረ፣ ሩዙን ግን ያላየ ሰው ነው። ወንድ ነው። ካይታን ጣት የላቸውም። እሾህ ደግሞ፣ ጁጄ፣ ይቧጭራል እንጂ አንድ ጣት ጫፍ ላይ እንደ መርፌ ደጋግሞ አይወጋም። ከሰባት እስከ ዘጠኝ የሞቱ ከሆነ ፊሎሚና ከስድስት ሴቶች ጋር ወንዝ ነበረች። አንተ ግን ጫካ ብቻህን ነበርክ።»

ጁጄ ባዶውን ሆድ እያየ ነበር።

«ሩዝ?» አለ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ። «ሁልጊዜ እዚህ ላይ ስትደርስ ‹ሂድ፣ ውሃ ቅዳ› ትለኝ ነበር። ሮጬ ሄጄ ሮጬ እመለሳለሁ፤ ተዘግቶ አገኘዋለሁ። አንድም ቀን አልደረስኩበትም።»

እሱ ራሱ ቀጠለ።

«‹ሚስትህ ሄዳ አትመለስም፣ አትመለሺ ያልኳት እኔ ነኝ› አለችኝ እናቴ። ይዤ ነቀነቅኳት። መግፋቴን አላስታውስም፤ ደረጃው ላይ ያለውን ድምፅ ነው የማስታውሰው። ደረጃውን አጥቤ እሷን አስቀመጥኳት። ከዚያ ተቀምጬ ሰፋሁ።»

«ለምን?»

«መጀመሪያ ለመደበቅ አልነበረም። ሆዱ ክፍት ነበራ። በኋላ ነው የገባኝ፤ እሷ ጨርሳ ስትነሳ የወደቀች ይመስላል፣ እኔ ያኔ ቤተ ክርስቲያን እሆናለሁ ብዬ። ተቀምጣ ከተገኘች ግን ወደቀች እንደማይባል አላሰብኩም። ከተቀመጠች ወዲያ ደግሞ ልነካት ፈራሁ።»

ፊሎሚና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «እኔን ሲወስዱኝስ ዝም ልትል ነበር?»

ጁጄ ፊቱን ከእሷ አዞረና እጆቹን ለባሳፓ ዘረጋ። ከዚያ በላይ መልስ አላስፈለጋትም።

ባሳፓ ካቴናውን አገባለት። ናጋራትና ስልኩን አነሳች፤ አለቃዋ እንኳን ደስ አለሽ አላትና ካዋንዲውን በኤግዚቢትነት ይዛ እንድትመጣ አዘዘ።

«ካዋንዲው መቼ ነው የሚመለሰው?» አለች ፊሎሚና።

«ፍርዱ ሲያልቅ።»

«ልጁ ሲወለድ አይደርስም?»

ናጋራትና የኤግዚቢት ክፍሉን ታውቀዋለች። እዚያ የገባ ጨርቅ የአይጥ ነው። «አላውቅም» አለች። የዚችን ልጅ ነጻነት አስመልሳላት ባሏን፣ አማቷንና የልጇን ካዋንዲ ይዛባት መሄዷ ነው፤ የሷ ሥራ ይኸው ነው፣ ከዚህ የተሻለ ቀን የለውም።

«ባዶ ሆዱን አይሂድ» አለች ፊሎሚና። «ሩዙን ስጪኝ።»

ናጋራትና መዝገቡን ገለጠች። ሰባት ፍሬ ሩዝ ይላል፤ የት እንደሚቀመጥ ግን አይልም። ወረቀቱን አቀበለቻት።

ሃታራቢ መርፌ ውስጥ ክር አስገብተው ሰጧት። «ወንዶች ዘወር በሉ» አሉ። ካይታን ፊታቸውን አዞሩ። ባሳፓ ናጋራትናን አየ፤ ራሷን ነቀነቀችለት፣ እሱም ዞረ። ጁጄ ብቻ እንደቆመ ቀረ፤ ዓይኑ ሰባቱ ፍሬ ላይ ነው።

ፊሎሚና ቀና ሳትል «ሂድ፣ ውሃ ቅዳ» አለችው።

ጁጄ ዞረና ወደ ጂፑ ወረደ።