ከውሃው ዳር ያለው ቁጥር ሰባት

ኡሳቃቅ የአናጢነት ዕቃውን ተሸክሞ ከጀልባው ሲወርድ መጀመሪያ ያየችው ኑካካ ነበረች። ዓሣ ከምትመዝንበት ሚዛን ላይ ቀና አለች፤ ዓይኗንም ከእሱ ላይ መንቀል አቃታት። እሱም ሰላም ማለቱን ረስቶ ቆመ።

«ስምህ ማነው?» አለችው።

«ኡሳቃቅ።»

ሳቋ አመለጣት። «እንግዲያው አያቴ ነሃ! ና፣ እናቴ ሃያ አራት ዓመት ስትጠብቅህ ኖራለች።»

ቀልዷን አልነበረም። በእኛ በግሪንላንድ ሰው ሲሞት ስሙ ቀጥሎ ለሚወለድ ሕፃን ይሰጣል፤ ከስሙ ጋር ሟቹም ይመለሳል። የኑካካ እናት ዶርቴ፣ አባቷ ኡሳቃቅ በሞተ በዓመቱ ለተወለደው ለዚህ ልጅ፣ ወላጆቹ ወደ ከተማ ይዘውት ከሄዱ በኋላ እንኳ በየልደቱ የቆዳ ጓንት ትልክለት ነበር። ያን ዕለት በሯ ላይ ስታየው ሁለት እጁን ያዘችና «አባዬ፣ ከሳህ» አለችው። ከሕፃንነቱ ወዲህ አይታው አታውቅም።

መንደራችን ስልሳ ሰው ናት፤ ወሬ አይደበቅባትም። በጋው ሳይጋመስ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሄዱ ያየ ሁሉ «ኧረ አያትሽን ደግፊው!» እያለ ያሾፍባት ጀመር። ኑካካም «ጥርስ ስለሌለው አላምጬ ነው የማጎርሰው» ትላለች። የሥጋ ዝምድና ስለሌላቸው ግን ማንም ፍቅራቸውን አልተቃወመም።

ችግሩ ቤት ነበር። የዶርቴ ቤት ከዳገቱ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። በአገራችን መሬት የማንም አይደለም፤ የመንደሩ ምክር ቤት የቤት መሥሪያ ቦታ ይመራል፣ ቦታ የተመራ ሰው ደግሞ ተገጣጣሚ ቤት በመርከብ ይላክለታል። ባሕሩ ወደ በረዶ ከመለወጡ በፊት መሠረት ያልጣለ እንደሆነ ቦታውም ቤቱም ለቀጣዩ ተመዝጋቢ ያልፋል። ለኡሳቃቅ የደረሰው ከውሃው ዳር ያለው ቁጥር ሰባት ነው።

ቁጥር ሰባት የሽማግሌው ኡሳቃቅ ቦታ ነበር። ከወሽመጡ ማዶ ያለው ተራራ አንድ ጎኑ ተንዶ ባሕር ሲገባ፣ የተነሣው ማዕበል ቤቱንም ሽማግሌውንም ጠርጎ ወሰደ። በኋላ ባለሙያዎች መጥተው ለኩና ተራራው ረግቷል አሉ። ተራራው ግን እስከ ዛሬ ድንጋይ ይጥላል፤ ድምፁ ውሃውን ተሻግሮ ሲመጣ ውሾቹ ሁሉ ጸጥ ይላሉ።

«አባዬ፣ እዚያ አትተኛም» አለች ዶርቴ።

«እማማ ዶርቴ፣ ሌላ ቦታ እኮ የለም። ይኼን ከለቀቅሁ አራት ዓመት መጠበቅ ነው።»

«ጠብቃ!»

«እኔ ግን አልጠብቅም» አለች ኑካካ። «ከእሱ ጋር የትም እኖራለሁ።»

ዶርቴ ልጇን ረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ በኋላ ስለ ቤቱ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ኡሳቃቅ ዓለቱን ሲበሳ፣ ኑካካ አሸዋ ስታመላልስ፣ እሷ ከዳገቱ ላይ ቁጭ ብላ ታያቸው ነበር።

መሠረቱ እንዳለቀ ሁለቱ አጋዘን አደን ሄደው ሦስት ሳምንት ቆዩ። ሲመለሱ የምክር ቤቱ ሰሌዳ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ቁጥር ሰባት ለዶርቴ፣ የዶርቴ ቤት ለኡሳቃቅ ተላልፏል፤ የተቃውሞ ማቅረቢያው ጊዜም አልፏል።

ኡሳቃቅ ወረቀቱን ገንጥሎ ወደ ጸሐፊው ወደ ኤኖክ ገባ። «የኔ ፊርማ የታለ?»

ኤኖክ ራሱን አከከ። «ምን ላድርግ? ‹የአባቴ ቦታ ነው፣ እኔ ልጁ እወስደዋለሁ፤ የኔን ለእሱ ስጡት› አለችኝ። ታዲያ ውሸቷን ነው?»

ኡሳቃቅ የዶርቴ አባት ነው ብሎ መላው መንደር የተስማማበትን ነገር ማን ያፈርሰዋል? ዶርቴ ደግሞ ቤቱ ካልተሠራላት እዚያው ድንኳን እንደምትተክል ነገረቻቸው፤ አላመኗትም፤ ተከለች። በመንደሩ ከእሱ ሌላ አናጢ ስለሌለ ኡሳቃቅ እሷን እንዳይጎዳት የፈራውን ቤት በገዛ እጁ ገጥሞ አስገባት።

በመስከረም ተጋቡ። ኑካካ የምትወደውን ሰው አግብታ ደስታዋ ግን ጎደሎ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከባሏ እቅፍ ወጥታ መጀመሪያ የምታደርገው የእናቷን የጭስ ማውጫ በመስኮት ማየት ነው። ጭሱን እስክታይ ድረስ ከመስኮቱ አትነሣም።

በጥቅምት አንድ ቀን ተራራው ከጠዋት ጀምሮ ድንጋይ መጣል አላቆመም። ኡሳቃቅ ወደ ታች ሮጠ። አንድ ሰዓት አለፈ፣ አልተመለሰም። ኑካካ ካፖርቷን ደርባ ወረደች። በሩ ጋ ስትደርስ ድምፁን ሰማች።

«ዶርቴ! ልጄ! ተነሺ ነው የምልሽ!»

«አባቴ በሕይወቱ አንድ ቀን ጮኾብኝ አያውቅም» አለች እናቷ። «እንዳትለምደው።»

ኑካካ ገባች። እናቷ ትሰፋለች፤ ባሏ ቦት ጫማውን እንዳደረገ ፊት ለፊቷ ተቀምጧል።

«ካልወጣች አልወጣም» አላት።

«ውሰጂልኝ ባልሽን» አለች ዶርቴ። «እሱ እንዳይተኛበት ብዬ እኮ ነው የገባሁበት!»

ኑካካ በሩን ከኋላዋ ዘጋች። ቦት ጫማዋን አወለቀችና መሐላቸው ተቀመጠች።

«ምን መሆንሽ ነው?» አለች ዶርቴ።

«ሁለታችሁም እዚህ ናችሁ። ባዶ ቤት ይዤ በመስኮት ሳያችሁ ልኑር?»

ከማዶ እስከ ዛሬ ያልሰሙት ረጅም ጉርምርምታ መጣ። መደርደሪያው ላይ ያሉት ኩባያዎች ተንኳኩ። ዶርቴ የልጇን ባዶ እግር አየች፤ ስፌቱን ጣለችና ብድግ አለች።

«አድርጊ!» ብላ ጫማዋን ወረወረችላት። «አድርጊ ብዬሻለሁ! ሦስታችንም በአንዲት ክፍል እንተፋፈጋለን፣ ምን ይመጣል!»

ኡሳቃቅ በሩን ከፍቶ ሴቶቹ እንዲያልፉ ከጎን ቆመ። ዶርቴ ከደጃፉ ላይ ቆም አለችና እጅጌውን ያዘች።

«ማዕበሉ የመጣ ጊዜ አባቴ እኔን አስቀድሞ ነው ከኋላ የቀረው» አለችው። «ዛሬ አንተ ቅደም፣ አባዬ።»

አልተከራከራትም። ቀድሟቸው ወጣ።